ምስክር ወይስ ዋስ? የግል ዕዳን ከሰው ጋር ሆኖ ስለመክፈል

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ ስኬል ተሻሽሏል። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ባሕር ዳርም እንደሌላው ከተማ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «እፎይ፣ አሁን ዕዳዬን እከፍላለሁ» ይላል። ሌላው «ብሩ ኪስ ሳይገባ ገበያው በልቶታል» ይላል። እንደየሰዉ ሁለቱም እውነት ነው።

በወሬው መሀል አንድ ምክር ደጋግሞ ይመጣል። «ዕዳን ብቻህን አትወጣውም፣ ከሰው ጋር ሆነህ ክፈል» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው። ግን «ከሰው ጋር» ሲባል አንዱ እቁብ መግባት ይመስለዋል። ሌላው ጓደኛውን ዋስ ማድረግ ነው ብሎ ይረዳዋል። ሦስተኛው ከዘመድ ተበድሮ የቀድሞውን ብድር ይዘጋል። እነዚህ ነገሮች በአሠራርም በውጤትም ለየቅል ናቸው። መቀላቀላቸው ደግሞ ሰውን ካንዱ ዕዳ አውጥቶ ሌላ ዕዳ ውስጥ ይከታል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው፦ ዕዳ በመክፈል ላይ ያለ ሰው ከጓደኛው በጣም የሚጠቅመው ምስክርነቱ ነው። ጓደኛው ዋስ ወይም አበዳሪ ሲሆን ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ አደጋው ግን ይበልጣል።

ዕዳው በስንት በር ይገባል

በአንድ ደመወዝተኛ ቤት ያለው ዕዳ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ዕዳ አይሆንም። አራት አምስት ትንንሽ ዕዳዎች ናቸው። የሰፈር ሱቅ ደብተር ላይ የተጻፈ ዱቤ አለ። ከመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማህበር የተወሰደ፣ ደመወዝ እጅ ሳይገባ የሚቆረጥ ብድር አለ። ከባልደረባ ወይም ከእህት የተወሰደ፣ ወረቀት የሌለው ገንዘብ አለ። እቁብ ወጥቶለት የበላ ሰውም ቀሪውን ጥሎ እስኪጨርስ ባለዕዳ ነው፤ ብዙዎች ግን ይህን ከዕዳ አይቆጥሩትም። ሲብስ ደግሞ አራጣ አለ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ በር ተከፍቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ብድርና ቁጠባ ጨመረ። «መላ» አነስተኛ የአጭር ጊዜ ብድር ነው። «እንደኪሴ» ደግሞ ኦቨርድራፍት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሒሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሲያልቅ ክፍያው እንዳይቋረጥ የጎደለውን በብድር ይሞላል። ዋስ መፈለግ የለም። መያዣ የለም። ለማንም ማስረዳት የለም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይም ይወሰዳል።

ለምን ተበደርን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ስንፍና ወይም ብክነት ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በአጭር ጊዜ ብዙ ዋጋውን አጣ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ። ወደ ጣና ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልስ ጀልባ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ ማታ ማታ ይሠራ የነበረ የባጃጅ ሹፌር፣ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው የቆመበት ወጣት፣ ሁሉም ገቢያቸው ተመትቷል።

ይህን መለየት ያስፈልጋል። ገቢ ደርቆበት የተበደረ ሰውና ለጥር ሠርግ ከአቅሙ በላይ ደግሶ የተበደረ ሰው አንድ ዓይነት ዕቅድ አይሠራላቸውም። ሁለተኛው ወጪውን ሰብሰብ ካደረገ የሚከፍለው ገንዘብ አለው። የመጀመሪያው መጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያስፈልገው።

የአራጣ ስሌት

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይቀላል። ለስሌት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንድ ሠራተኛ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከፍሎ በወር ለዕዳ የሚተርፈው 3,500 ብር ነው። ዕዳዎቹ አራት ናቸው። ከአራጣ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ወለድ የወሰደው 20,000 ብር አለ። ከባልደረባው 8,000 ብር ያለ ወለድ ወስዷል። የስልክ ብድር 5,000 ብር፣ የሱቅ ዱቤ 3,200 ብር አለበት። ድምሩ 36,200 ብር ነው።

የአራጣው ወለድ ብቻ በወር 2,000 ብር ነው። ሰውየው በየወሩ 2,000 ብር እየወሰደ ከሰጠ በዓመቱ 24,000 ብር ከፍሎ ዋናው 20,000 ብር እንዳለ ይቆያል። አራጣ ሰውን የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «እየከፈልኩ ነው» ይላል፤ አበዳሪውም አይጨቀጭቀውም። ዕዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

በወር 2,500 ብር ቢከፍልስ? ወደ 17 ወር ይፈጅበታል፤ በጠቅላላው 42,000 ብር ገደማ ይከፍላል። 3,500 ብር ቢከፍል 9 ወር ይበቃዋል፤ የሚወጣው ገንዘብ 31,000 ብር ገደማ ነው። በወር የተጨመረችው 1,000 ብር ስምንት ወርና 11,000 ብር አተረፈች ማለት ነው። የደመወዝ ጭማሪ ዕዳ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለው ክርክርም የሚፈታው በዚህ ነው። ጭማሪው ከወለዱ አልፎ ዋናውን ከነካ ለውጡ ከሚገመተው በላይ ነው። አስቤዛው ከዋጠው ግን ምንም የለም።

የቱ ይቅደም

ስለ ዕዳ አከፋፈል የሚጽፉ ሰዎች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ወለዱ የከበደውን አስቀድም ይላል። በሒሳብ ይህ ትክክል ነው፤ ከላይ ያለው ምሳሌ ያሳያል። ሌላው ወገን ትንሿን ዕዳ አስቀድመህ ዝጋ ይላል። ምክንያቱ የሰው ጠባይ ነው። አንድ ዕዳ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ሰው ይበረታል፤ ለቀጣዩ ጉልበት ያገኛል። ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ የዕዳ ማቃለያ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ከዕዳ ለመውጣት የበለጠ ያመለከተው የተከፈለው ብር መጠን ሳይሆን የተዘጉት ዕዳዎች ቁጥር ሆኖ አገኙት።

ይህ ግኝት ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለዶች ብዙም አይራራቁም፤ የቱንም ብታስቀድም ልዩነቱ የጎላ ላይሆን ይችላል። እኛ ጋ ግን አንዱ ዕዳ በወር 10 በመቶ ይወልዳል፣ ሌላው ምንም አይወልድም። በዚህ ሁኔታ የሱቁን 3,200 ብር ለመዝጋት አራጣውን ሁለት ወር ማቆየት 4,000 ብር ወለድ ያስወጣል። ስለዚህ አራጣ ካለ አራጣው ይቅደም። አራጣ ከሌለና ወለዱ የተቀራረበ ከሆነ ትንሿን መዝጋት ብልህነት ነው።

የስልክ ብድር ከአራጣ ቀጥሎ ይመጣል። «ወለድ» ተብሎ ባይጻፍም ክፍያ አለው። ለምሳሌ 10,000 ብር ለአንድ ወር ተወስዶ 500 ብር ክፍያ ቢኖረው፣ 5 በመቶ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ እየተደጋገመ ከተወሰደ ግን በዓመት 60 በመቶ ነው። አንዱን ከፍሎ ወዲያው ሌላውን መውሰድ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ራሱን ቢመረምር አይከፋም።

ወለድ የሌለው የባልደረባና የሱቅ ዕዳ ምን ይሁን? ወለድ የለውም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ወለዱ የሚከፈለው በሰላምታ ነው። ሰውየው ባልደረባውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ሱቁን ላለማለፍ በወዲያኛው ቅያስ ይዞራል። ባለሱቁም ዝም አይልም፣ ዘይት ሲጠየቅ «አልቋል» ይላል። መፍትሔው አስቀድሞ ሄዶ ቀን መንገር ነው። «ከጥር በፊት አልችልም፣ ከጥር በኋላ በየወሩ 1,000 ብር እሰጥሃለሁ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ይታገሣል። የማይታገሠው ዝም የተባለ ሰው ነው።

እቁብ ዕዳ ይከፍላል?

በከተማችን ዕዳ ውስጥ ለገባ ሰው የመጀመሪያው ምክር እቁብ ነው። ምክሩ የሚሠራበትም የማይሠራበትም ጊዜ አለ። ሁሉም ነገር ያለው ተራው ላይ ነው።

ያው ሠራተኛ አሥር ሰው በወር 2,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ገባ እንበል። እጣው 20,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ከወጣለት አራጣውን በአንዴ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር 2,000 ብር ይጥላል። ለአበዳሪው ሲሰጥ ምንም ያልቀነሰችው 2,000 ብር፣ እቁብ ላይ በአሥር ወር ሙሉውን ዕዳ ከፈለች። በየወሩም ለሱቁና ለስልኩ የሚሆን 1,500 ብር ተረፈው።

እጣው በአሥረኛው ወር ቢወጣስ? በየወሩ 2,000 ብር እቁብ ይጥላል፤ በየወሩ 2,000 ብር ወለድ ይከፍላል። 4,000 ብር ይሆናል። ያለው 3,500 ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር አንዱን ያጎድላል፤ ያኔ የእቁቡም ዋስ ይጠየቃል። ያው እቁብ፣ ያው ሰው፣ ያው ገንዘብ ነው። የተለየው ተራው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕዳ ለመክፈል እቁብ የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት ስለ ተራ መነጋገር አለበት። ብዙ እቁቦች ለቸገረው ሰው ቅድሚያ የመስጠት ልማድ አላቸው። ካልሆነም ከወጣለት ሰው ተራ መግዛት አለ። አንዱ አባል 1,500 ብር ተቀብሎ ተራውን ቢለቅለት፣ ለሰውየው ይህ ከአንድ ወር የአራጣ ወለድ ያነሰ ወጪ ነው። ብሩ ሲወጣ ደግሞ እጁ ላይ ባያድር ይመረጣል። ሁለት ሰው ይዞ ሄዶ ለአበዳሪው መስጠት፣ የፈረመበትን ወረቀት እዚያው መረከብ። ሃያ ሺህ ብር አንድ ሌሊት ካደረ የሚበላው ምክንያት አያጣም።

ጓደኛ በትክክል ምን ይሠራል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሰው አብሮ ሲከፍል የተሻለ ይከፍላል የሚለው ሐሳብ ማስረጃ አለው። ግን ማስረጃው ብዙዎች በሚያስቡት በኩል አይደለም።

የቡድን ብድርን በዓለም ያስተዋወቀው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክና መሥራቹ መሐመድ ዩኑስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርተዋል። በአማራ ክልልም አብቁተ፣ ማለትም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ መያዣ ለሌለው ገበሬና የከተማ ነዋሪ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት ሰዎች ይቧደናሉ፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ማይክሮ ፋይናንስ የሚባለው፣ ማለትም ባንክ የማያስተናግዳቸው ሰዎች አነስተኛ ብድርና ቁጠባ የሚያገኙበት ሥርዓት፣ ለረጅም ጊዜ የቆመው በዚህ ነው።

ለብዙ ዓመታት ሰዉ የሚከፍለው የጋራ ዋስትናውን ፈርቶ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዣቪየ ጂኔና ዲን ካርላን በፊሊፒንስ ይህንን ፈተሹ። አንድ ባንክ በተወሰኑ መንደሮች የጋራ ዋስትናውን አንስቶ እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ እንዲጠየቅ አደረገ። ስብሰባው ግን እንደ ወትሮው ቀጠለ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። የማይከፍል ሰው ቁጥር አልጨመረም። በሕንድ ኮልካታ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በየሳምንቱ የተገናኙ ተበዳሪዎችን በየወሩ ከተገናኙት ጋር አወዳደረ። በየሳምንቱ የተገናኙት ይበልጥ ተቀራረቡ፤ በቀጣዩ ብድራቸውም ያለመክፈል ችግራቸው ያነሰ ሆነ።

ከቺሊ የመጣው ጥናት ስለ ቁጠባ እንጂ ስለ ዕዳ አይደለም፤ ቢሆንም ይጠቅመናል። የቁጠባ ግባቸውን በቡድን ፊት የተናገሩና በቡድኑ የታዩ ሰዎች ባንክ የማስገባት ድግግሞሻቸው በሦስት ተኩል እጥፍ ጨመረ። የወለድ መጠን ከፍ ማድረጉ ግን ለአብዛኞቹ ለውጥ አላመጣም። በኋላም በስብሰባ ፋንታ ሰዉን በሞባይል መልእክት ብቻ መከታተል ተቀራራቢ ውጤት ሰጠ።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው አንድ አቅጣጫ ያሳያሉ። የሚሠራው መታየቱ ነው። ሰው የተናገረውን ቀን የሚያስታውስለት፣ «ከፈልክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሰው መኖሩ ነው። ጓደኛው ንብረቱን ማስያዝ አያስፈልገውም።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ሁሉም ዕዳ ያለባቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ዳኛ ሌላው ተከሳሽ እንዳይሆን። ደመወዝ በወጣ ሳምንት መገናኘት ግድ ነው፤ ገንዘቡ የሚበተነው ያን ሳምንት ነውና። በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ደግሞ የተሻለ። እያንዳንዱ ይዞ የሚመጣው ማስረጃ ነው፤ የባንክ ደረሰኝ፣ የቴሌብር መልእክት፣ ባለሱቁ የሰረዘበት የደብተር ገጽ ፎቶ። ገንዘብ ግን አይመጣም። በቡድኑ ውስጥ መበዳደር የለም። ለማንም ዋስ መሆን የለም። ይህች ደንብ ጨካኝ ትመስላለች። ነገር ግን አንዱ ለአንዱ ባበደረ ማግሥት ተበዳሪው መምጣት ያቆማል፤ ምስክሩም ጠፋ፣ ገንዘቡም ጠፋ። (ቡናው በየቤቱ በተራ ከሆነና ከቡናው ጋር ዳቦና ቆሎ እየተጨመረ ከሄደ፣ እሱም ራሱ አንድ ወጪ እንዳይሆን መጠበቅ ነው።)

ከመመስከር ሌላ ቡድኑ የሚሠራው ትልቅ ሥራ አብሮ መሄድ ነው። አበዳሪ ፊት ብቻውን የሚቆም ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ የማይችለውን ቃል ይሰጣል። አብሮት የሄደ ሰው ግን «በወር 3,000 አይችልም፣ 2,000 ነው የሚችለው» ለማለት አይቸገርም።

ዋስትና ሲገባበት

ዋስ መሆን በእኛ ዘንድ የዝምድናና የወዳጅነት መለኪያ ነው። እምቢ ማለት ይከብዳል። ሕጉ ግን ዋስትናን እንደ ውለታ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር ካልተገለጸ ውሉ እንደማይጸና ይደነግጋል። ዋሱ የአንድነትና የነጠላ ኃላፊነት ወስዶ ከፈረመ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈርመው ወረቀት ላይ ይህች ሐረግ አለች፤ የሚያነባት ግን ጥቂት ነው።

ዕዳ እየከፈለ ያለ ሰው ለሌላ ዋስ ሲሆን ዕቅዱ ላይ የማይታይ ቀዳዳ ይከፍታል። ወዳጁ ያጎደለ ቀን 3,500 ብሯ ወደዚያ ትሄዳለች። ደመወዙ ለዋስትና ተይዞ የሚቆረጥበትም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ጥበቃ ነው፤ ግን አንድ ሦስተኛም ቤት ያናጋል።

የቡድን ዋስትናን የሚደግፉ ሰዎች ያለ ምክንያት አይደሉም። መያዣ የሌለው ሰው ብድር የሚያገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ይህ እውነት ነው። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ከብትም ቢሆን ባጃጅ፣ ለብድር ዋስትና ማስያዝ ይቻላል። በሌላ በኩል አዲስ ብድር ማግኘትና የቆየ ዕዳ መክፈል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ዋስትና የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ነው።

ሕጉ ለተበዳሪው የሚሰጠው አቅም

አራጣ የተበደረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን የሚፈራው እሱ ነው። በመሠረቱ መፍራት ያለበት አበዳሪው ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በወር 10 በመቶ በዓመት 120 በመቶ ነው፤ የሕጉን ጣሪያ አሥር እጥፍ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 አራጣን ወንጀል ያደርገዋል። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች በዚህ ጣሪያ አይመሩም፤ እነሱን የሚመለከተው የብሔራዊ ባንክ ሥርዓት ነው።

አራጣ አበዳሪው ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ወለዱን ውሉ ላይ አይጽፍም። 20,000 ሰጥቶ 30,000 ያስፈርማል። ወይም ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ይቀበላል። ቼኩ ነው አደገኛው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በአንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። በአንዲት ወረቀት ሚናው ተገለበጠ፤ የሚከሰሰው ተበዳሪው ሆነ። ቼክ ያልፈረመ ተበዳሪ ከፈረመው እጅግ የተሻለ የመደራደር አቅም አለው።

በእኛ ሀገር ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነ ተራ ደመወዝተኛ ፍርድ ቤት ሄዶ «ከስሬአለሁ» የሚልበት ሥርዓት የለም። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ያለው የኪሳራ ሥርዓት የነጋዴዎችና የንግድ ማህበራት ነው። ክፍተቱን የሚሞሉት ሽማግሎች ናቸው። ሽማግሌ ከአራጣ አበዳሪ ጋር ሲቀመጥ የሚጠይቀው «ዋናው ይከፈል፣ ወለዱ ከዛሬ ይቁም» የሚለውን ነው። ሕጉ ከበስተጀርባ ስለቆመ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ይህን መስማማት ከክርክር ይመርጣል። የተስማሙበት ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ምስክሮችም ይፈርሙበት።

ተቃውሞዎቹ

የመጀመሪያው ተቃውሞ ገበና ነው። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሰው ሰውን ያውቃል። የገንዘብ ያዥ ዕዳ ወሬ ከሆነ ሥራውን ሊያሳጣው ይችላል። ያላገባች ልጅ ያለችው ቤት ዕዳው እንዲሰማ አይፈልግም። ይህ ክብደት ያለው ነጥብ ነው፤ «ሐፍረትህን ጣል» በሚል ምክር አይታለፍም። መልሱ የሰው ምርጫ ላይ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የአንድ እድር አባላት፣ የአንድ ቤት ዘመዶች ባይሆኑ ይመረጣል። ስም ሳይጠሩ ቁጥር ብቻ መናገርም ይቻላል። ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ አንድ የነፍስ አባት ወይም አንድ የልብ ጓደኛ ይበቃል፤ የቺሊው ጥናትም ያለ ስብሰባ መከታተል እንደሚሠራ አሳይቷል።

ሁለተኛው «ዋጋ ንረት ዕዳን ይበላል፣ ምን አስቸኮለህ?» የሚለው ነው። ወለድ ለሌለው ዕዳ በከፊል እውነት ነው። ከአራት ዓመት በፊት 8,000 ብር ያበደረ ባልደረባ ዛሬ ያንኑ 8,000 ቢቀበል የሚገዛለት ነገር በጣም ያነሰ ነው። ኪሳራውን የተሸከመው እሱ ነው፤ ደግ በመሆኑ ተቀጣ። በአራጣ ላይ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በብዙ ይፈጥናል።

ሦስተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። «ችግሩ ገቢ ነው፤ ስብሰባ ገቢ አይጨምርም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ከኪራይና ከምግብ በኋላ ዜሮ የሚተርፈው ሰው ደረሰኝ ይዞ የሚመጣበት ነገር የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቡድኑ ሊሠራ የሚችለው መሸምገልና ጊዜ መግዛት ነው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሰው ያታልላል።

የሐይቁ ዳር ሒሳብ

እስካሁን ያወራነው ስለ ደመወዝተኛ ነው። ከጣና ዳር ኑሮውን የሚገፋው ሰው ገቢ በወር አይቆጠርም። ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶና አምባዛውን በደህና ዋጋ የሚሸጠው በዓቢይ ጾም ነው፤ ፈላጊው የሚበዛው በነዚያ 55 ቀናት ነው። ዘጌ ያለው ባለ ቡና ብር የሚያየው ቡናው ሲለቀም ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙ እስኪገባ ይጠብቃል። ለእነዚህ ሰዎች «በወር ይህን ያህል» የሚል ዕቅድ ገና ሲጻፍ ፈርሷል።

የሚሻላቸው በወቅት የሚከፈል ዕቅድ ነው። በገቢው ሰሞን ብዙ፣ በክረምቱ ጥቂት ወይም ምንም። አበዳሪው ከመጀመሪያው ይህን ካልተቀበለ በሐምሌና ነሐሴ የሚመጣው ሌላ ብድር ነው። ዓሣ አጥማጁ ሌላም የሚያስብበት ነገር አለው። መረቡን በዱቤ የሰጠው ነጋዴ ዓሣውን በራሱ ዋጋ የሚረከበው ከሆነ፣ ወለዱ ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። ገበያው ላይ የሚሸጥበትንና ለነጋዴው የሚያስረክብበትን ዋጋ ልዩነት ለአንድ ሰሞን ጽፎ መያዝ ዕዳው በእውነት ስንት እንደሆነ ያሳያል። ይህን የሚጽፍለት የተማረ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ዕዳው ገብስ ነው።

ለደመወዝተኛውም ቢሆን ዓመቱ ለጥ ያለ አይደለም። መስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ አሉ፤ መሀል ላይ የሠርግ ጥሪው አለ። ዕቅዱ ላይ ለነዚህ ወራት ዝቅ ያለ ክፍያ መጻፍ ከድክመት አይቆጠርም። ሳይጻፍ ቀርቶ በፋሲካ ሰሞን ሲጎድል ነው ሰው «አይ፣ ድሮም አልችልም ነበር» ብሎ ሁሉንም የሚተወው።

የማይታየው ዕዳ

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከስልክ ብድር ነው። የድሮው ዕዳ ሁሉ ሰው ያየው ነበር። ባለሱቁ ያውቃል፣ የእቁቡ ዳኛ ያውቃል፣ ዋሱ ያውቃል። ለእቁብ ዋስ የሚሆን ሰው የሚያመዛዝነው «ይኼ ሰው ሌላ ምን አለበት?» ብሎ በሰፈር ዕውቀት ነበር። የስልክ ብድርን የሚያውቁት ግን ባንኩና ስልኩ ናቸው። ሚስት ላታውቅ ትችላለች፤ ባልም እንደዚያው።

አበዳሪዎቹ መረጃ የሚለዋወጡበት ሥርዓት አላቸው፤ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። የሰፈሩ እቁብ ግን እንዲህ ያለ ማዕከል የለውም። የስልክ ብድሩ በበዛ ቁጥር የእቁቡ ግምት እየሳተ ይሄዳል። 2,000 ብር መጣል ይችላል የተባለው ሰው ደመወዙ በገባባት ደቂቃ ግማሹ ለስልክ ብድር ተቆርጦ ሊያድር ይችላል። የዚህ የመጀመሪያ ተጎጂ ዋሱ ነው፤ ቀጥሎ እጣ ያልደረሳቸው አባላት ናቸው። እቁቦች ዋስ ሲያስፈርሙ የስልክ ብድርንም መጠየቅ መጀመራቸው አይቀርም፤ ጥያቄውን ማን በምን አግባብ ይጠይቀዋል የሚለው ግን ገና መልስ ያላገኘ ነገር ነው።